«ተጠመቅሁ» ስትል ምን ማለቷ ነው? አንድ ግስ በጋን፣ በቤተ ክርስቲያንና በጠበል ቦታ

«ለሁለት ሳምንት ስጠመቅ ነበር።» አንዲት ታማሚ ይህን ብትናገር፣ አማርኛ የሚያውቅ ሐኪም ወዲያው የሚያስከትላቸው ጥያቄዎች አሉ። የት ጠበል ነበሩ? ውኃውን ይጠጡም ነበር? እየጾሙ ነበር? መድኃኒትዎን ያቋረጡበት ቀን አለ? ቋንቋውን የማያውቅ ሐኪም ግን በአስተርጓሚ አፍ «ለሁለት ሳምንት የጥምቀት ሥርዓት ስትፈጽም ነበር» የሚል መልስ ከደረሰው የሚጠይቀው አይኖርም። የእምነት ጉዳይ ነው ብሎ ያከብራል፣ በመዝገቡም ላይ ሳይጽፈው ያልፋል። አስተርጓሚው የዋሸው ነገር የለም። በመዝገበ ቃላት ካየነውም አልተሳሳተም። ሆኖም ከንግግሩ ውስጥ ለሐኪሙ የሚጠቅመው ቁም ነገር ጠፍቷል።

እንዲህ ያለው ጥፋት ዛሬ ከመቼውም ይልቅ የሚያሳስበን፣ አማርኛ በሰው ብቻ ሳይሆን በማሽንም እየተተረጎመ ወደ ሆስፒታል፣ ወደ ፍርድ ቤትና ወደ ኢሚግሬሽን ቢሮ የሚገባበት ዘመን ላይ ስለሆንን ነው። በዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችሉ ነዋሪዎች በቋንቋቸው እንዲያገለግሉ ያስገድዳል፤ አማርኛም ከእነዚያ ቋንቋዎች አንዱ ነው። ጎግል አማርኛን በትርጉም አገልግሎቱ ውስጥ ያካተተው እ.ኤ.አ. በ2016 ነበር። ቋንቋው በሮቹን አልፎ ገብቷል። ጥያቄው የትኛው አማርኛ ገባ የሚለው ነው። ይህን ለማየት «ጠመቀ»ን የመሰለ ቃል የለም።

ቅርጹን አስቀድመን እንይ። ጠላ የምታዘጋጅ ሴት ጠመቀች ይባላል፣ ሥራዋ መጥመቅ፣ እሷም ጠማቂ። ካህኑ ደግሞ አጠመቀ፣ ሥራው ማጥመቅ፣ እሱም አጥማቂ። እስከዚህ ድረስ «አ» ድንበር ሆና ሁለቱን ሙያዎች ለይታ ትጠብቃለች፤ ስሞቹም ጠመቃና ጥምቀት ተብለው ተለያይተዋል። ድርጊቱ የሚፈጸምበት ነገር ወይም ሰው ባለቤት በሆነ ጊዜ ግን ድንበሩ ይፈርሳል። ጠላው ተጠመቀ። ሕፃኑ ተጠመቀ። ሕመምተኛዋ ተጠመቀች። ሯጩ በላብ ተጠመቀ። አራቱም አንድ ፊደል፣ አንድ ድምፅ ናቸው። «አስጠመቀች» ስንልም እንደዚሁ ነው፤ ለሠርግ ጠላ ያስጠመቀችም ልጇን ያስጠመቀችም ሴት አንድ ግስ ይበቃታል።

ሰሚው ግን አይደናገርም። ማንም አማርኛ ተናጋሪ «ለእሁድ የሚሆን ጠላ ተጠምቋል ወይ?» ሲባል ቄስ አይታሰበውም። ትርጉሙን የሚለይለት አብሮ የመጣው ነገር ነው፦ ማን ተጠመቀ፣ በምን፣ ስንት ጊዜ፣ ለምን። በተለይ «ስንት ጊዜ» የሚለው ትልቅ ነገር ይይዛል፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ወደ ጓዳው እንግባ፣ ምክንያቱም ስለዚህ ግስ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው እሱ ነው። ጠላ መጥመቅ አንድ ድርጊት አይደለም፤ የሳምንት ሥራ ነው፣ እያንዳንዱም ደረጃ የራሱ ስም አለው። መጀመሪያ ብቅሉ። ገብስ ወይም ስንዴ ውኃ ውስጥ ያድርና ውኃው ተንጠፍጥፎ በቅጠል ተሸፍኖ ይበቅላል፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ጭስ ይታጠናል። የተወቀጠ ጌሾ በውኃ ተበጥብጦ ለሁለት ሦስት ቀን ሲቀመጥ ጥንስስ ይባላል። ጥንስሱ ላይ የተፈጨው ብቅልና የተቆራረሰ ቂጣ ይገባል፣ የጌሾ እንጨትም ይከተላል። የታመሰና የተፈጨ እህል ሲጨመርበት ወፍሮ ድፍድፍ ይሆናል። በመጨረሻ ውኃ ይሞላና አፉ ታፍኖ ይቀመጣል። ሲወርድ የመጀመሪያው ጠላ ይባላል፣ ውኃ ተደግሞበት የሚወጣው ቀጭኑ ቅራሪ፣ የሚቀረው አተላ። አካሄዱ ከአገር አገር ይለያያል፤ የጎንደርና የሸዋ ባለሙያዎች ብቅሉ መቼ ይግባ በሚለው ላይ ላይስማሙ ይችላሉ። ሁሉም ግን ይህን ሁሉ በአንድ ግስ ሰብስበው ይጠሩታል፦ ጠመቅሁ።

የቃሉ ስፋት እንዳለ ሆኖ ወሰንም አለው። ጠጅ ይጠመቃል ብንልም በብዙ ቤት ጠጅ «ይጣላል»፤ አረቄ «ይወጣል» እንጂ አይጠመቅም። ጌሾ ያልገባበት የማር ውኃ ብርዝ ነው፣ እሱም ይበረዛል። ቢራ ሲመጣ ግን ፋብሪካው የወሰደው የጠላን ግስ ነው፤ ቢራ ጠመቃ፣ ቢራ ጠማቂ ድርጅት እንላለን። ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዲስ አበባ ቢራ ያመርት የነበረው የቅዱስ ጊዮርጊስ ፋብሪካም ሆነ በኋላ የተከተሉት ሁሉ፣ ለሥራቸው መጠሪያ ያገኙት በጋን አጠገብ ከሚቆሙ ሴቶች አፍ ነው።

ከጓዳው የወጣ ሌላም አለ። አንድ ሐሳብ ገና ጅምር ላይ ሲሆን ጥንስስ ላይ ነው እንላለን። ማኅበሩ የተጠነሰሰው በዚህ ዓመት ነው ብለን ታሪክ እንጽፋለን። ሴራም ይጠነሰሳል፣ ተንኮለኛም ሴራ ጠንሳሽ ይባላል። የዜና አማርኛ ያለ ጌሾና ያለ ጋን ብዙ ቃል ይጎድለዋል፤ ሆኖም ዜና የሚያነብ ወጣት ጥንስስን በዓይኑ ሳያይ ቃሉን ብቻ የሚጠቀምበት ጊዜ ደርሷል።

የጎረቤት ግሦችን ሳያዩ ጠመቀን መረዳት አይቻልም። ዳቦ ሻይ ውስጥ ይነከራል፤ ክር ሰም ውስጥ ተነክሮ ጧፍ ይሆናል፤ ፈትል በቀለም ይነከራል። ነከረ አስገብቶ ማውጣትን ይይዛል፤ እጅም ዕቃውን አይለቀውም። እንጀራ በወጥ ሲሆን ደግሞ አጠቀሰ የሚል የገበታ ቃል አለ፣ ለጥቂት ለምታነካካው። ዘፈዘፈ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ልብስ በሳሙና ይዘፈዘፋል። ባቄላ ተዘፍዝፎ ያጎነቁልና በቆልት ይሆናል። የብራና ሠሪው የፍየል ቆዳውን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ ካቆየ በኋላ ነው አውጥቶ ወጥሮ የሚፍቀው። በጎጃም የሚበቅለው ግብጦ መራራነቱና ጉዳቱ እንዲለቅ ከተቆላ ወይም ከተቀቀለ በኋላ ለቀናት ወንዝ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ማን እንዳጣደፈው ምላስ ወዲያው ያውቃል። ከዚህ የተነሣ ሥራ ፈትቶ የሚውል ሰው «ተዘፍዝፎ ዋለ» ይባላል፤ ዝፍዝፍ የሚለው ስድብም አለ። ውኃው ሲያጥለቀልቅና ሲያሰጥም ደግሞ ዘፈቀ ይመጣል፦ በዕዳ ተዘፈቀ፣ በሙስና ተዘፈቀ፣ አገር በጦርነት ተዘፈቀች። በዘፈቀ ውስጥ ወዶ የገባ የለም፣ በቀላሉ የሚወጣም የለም።

እነዚህ ሁሉ በሌላ ቋንቋ በአንድ ወይም በሁለት ቃል ሊሸፈኑ ይችላሉ። አማርኛ የሚለያቸው በሦስት ነገር ነው፦ በቆይታው፣ በሚወጣው ውጤትና በፈቃድ። ነከረ አጭር ነው፤ ዘፈዘፈ ረጅም ነው፤ ዘፈቀ ያለ ፈቃድ ነው። ጠመቀ ከሁሉም የሚለየው በውጤቱ ነው። የተነከረ ዳቦ እርጥብ ዳቦ ነው፣ የተዘፈዘፈ ባቄላም ባቄላ ነው። የተጠመቀ ነገር ግን ከገባበት ሌላ ሆኖ ይወጣል፤ ገብሱም ጌሾውም አይቀሩም፣ ጠላ የሚባል ሌላ ነገር ይገኛል። ሕፃኑም ከውኃው ሲወጣ ክርስቲያን ነው፣ አዲስ ስም አለው። ሁለቱን ሥራዎች በአንድ ግስ ማገናኘት ለአማርኛ ተናጋሪ የማይከብደው ለዚህ ይመስለኛል።

በግዕዝ ተጠምቀ ማለት ውኃ ውስጥ መግባትና መጠመቅ ነው፤ ዮሐንስም መጥምቅ ይባላል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ወንድ ልጅ በአርባ ቀን ሴት ልጅ በሰማንያ ቀን ይጠመቃሉ። ሕዝቡ ግን ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚለው «ክርስትና ተነሣ» ነው፤ የክርስትና አባት፣ የክርስትና ስም የሚሉት ቃላትም ከዚያ መጡ። ይህ ልዩነት ወረቀት ላይ ሲደርስ ገንዘብና ጊዜ ያስከፍላል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ በ2008 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ከመጀመሩ በፊት ለተወለዱ ብዙ ሰዎች፣ የዕድሜ ማስረጃ ሆኖ ያገለገለው ከቤተ ክርስቲያን የሚሰጠው የጥምቀት ምስክር ወረቀት ነው። በእሱ ላይ ያለው ቀን የተጠመቁበት ከሆነ ከልደቱ በአርባ ወይም በሰማንያ ቀን ይርቃል። ይህን ሳያስተውል የጥምቀቱን ቀን የልደት ቀን አድርጎ የተረጎመ ሰው፣ ባለጉዳዩን በሌላ ወረቀት ላይ ካለው ቀን ጋር ያጋጨዋል።

አሁን ወደዚያ «ስንት ጊዜ» ወደሚለው። ቤተ ክርስቲያን በጸሎተ ሃይማኖቷ «ወነአምን በአሐቲ ጥምቀት» ትላለች፤ ጥምቀት አንዲት ናት፣ አትደገምም። ሆኖም በየዓመቱ ጥር 11 ቀን ሕዝብ በሞላ ወደ ባሕረ ጥምቀት ይወርዳል፣ ውኃው ይባረካል፣ ይረጫል፤ ጎንደር ላይ ወጣቱ የፋሲለደስ መዋኛ ውኃ ውስጥ ዘሎ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2019 ዩኔስኮ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው ይህን በዓል ነው። በዚህ ቀን ውኃ የነካው ሰው «ተጠመቅሁ» ቢል እንደገና ክርስትና ተነሣሁ ማለቱ አይደለም። የዮርዳኖስን ጥምቀት ማሰቢያ በረከት ነው የተቀበለው። አንዳንድ የውጭ ጎብኝዎች በዓሉን «በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በአንድ ቀን እንደገና የሚጠመቅበት» ብለው ሲጽፉት ያበላሹት ይህን ነው።

ሦስተኛው፣ ለእኔ ዋናው፣ ጠበል ነው። ጠበልተኛው በጠዋት ተሰልፎ፣ ሳይበላ፣ ውኃው እላዩ ላይ ይወርዳል፤ ይጠጣል፤ እምነት የሚባለውን የተባረከ አመድ ይቀባል፤ ነገም ይደግመዋል። ሰባት ቀን፣ ሁለት ሰባት፣ አንዳንዱ ወራት። እዚህ መጠመቅ የሚቆጠርና የሚደገም ነገር ነው፣ እንደ መድኃኒት መጠን። ወደ ጠበል የሚሄዱት ሰዎች የሚያምኑበት ነው፣ እኔም ይህን ከማንም ልነጥቅ አልጽፍም። የምለው፣ ይህ መጠመቅ በጤና ታሪክ ውስጥ መቆጠር ያለበት ድርጊት ነው የሚል ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው መድኃኒቱን በድንገት ቢያቆም በሽታው ሊነሣበት ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በአብዛኛው ለስድስት ወር ሳይቋረጥ መወሰድ አለበት፤ መሐል ላይ ሲቆም ጀርሙ መድኃኒት ሊለምድ ይችላል። የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊን ወስዶ በባዶ ሆድ ሲውል ስኳሩ ይወርዳል። ስለዚህ «ስጠመቅ ነበር» የሚለው አንድ ቃል ውስጥ ጾም፣ ብርድ፣ ከቤት ርቆ መክረምና ምናልባት የተቋረጠ ክኒን አሉ።

ኤች አይ ቪ ይህን አሳይቶናል። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በኢትዮጵያ በነፃ መሰጠት በጀመረበት በ1997 ዓ.ም. አካባቢ፣ እንጦጦ ማርያም ጠበል ላይ ብዙ ሕሙማን ነበሩ፤ ከእነርሱም ጠበሉንና መድኃኒቱን አንድ ላይ ማድረግ እምነት ማጉደል የሚመስላቸው ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱን መውሰድ ኃጢአት አለመሆኑን፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን በይፋ ተናገሩ። ያ ንግግር ለብዙዎች መንገድ ከፍቷል። ነገር ግን ጉዳዩ ሊነሣ የቻለው ሐኪሙም ሕመምተኛውም ካህኑም «መጠመቅ» ስትባል ምን እንደሆነች በአንድ ቋንቋ ስለሚግባቡ ነው። ውጭ አገር፣ በሦስተኛ ሰው በኩል በሚደረግ ንግግር ውስጥ ይህ የጋራ መረዳት የለም።

ቃሉ ከዚህም የከበደ ጊዜ ነበረው። አጼ ሱስንዮስ ካቶሊክነትን ሲቀበሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1626 ከሮማ ቤተ ክርስቲያን የተላከው የካቶሊክ ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ምእመናኑ እንደገና እንዲጠመቁ፣ ካህናቱም እንደገና እንዲሾሙ ጠየቀ። ጥምቀት አንዲት ናት ብሎ ለሚያምን ገበሬ ይህ እስከ ዛሬ ክርስቲያን አልነበርህም ማለት ነው። ደም ከፈሰሰ በኋላ ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1632 ሃይማኖቱን መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። እ.ኤ.አ. በ1878 ደግሞ ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አጼ ዮሐንስ የወሎን ሙስሊሞች እንዲጠመቁ አዘዙ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ንጉሠ ነገሥቱን የክርስትና አባት አድርገው ራስ ሚካኤል ተባሉ። እንቢ ያለው ተሰደደ፣ ተዋጋ፤ ቀን ክርስቲያን ሌሊት እስላም ሆኖ የኖረም ነበር። በእንዲህ ያለ ታሪክ ላይ «ተጠመቀ» ማለት በውኃ ነጻ ወጣ ማለት አይደለም፤ ተገደደ ማለት ነው። ወሎ ውስጥ ቃሉን ከአያቱ የሰማ ሰው በጆሮው የሚመጣለት ይህ ሊሆን ይችላል።

በእስራኤል የሆነውንም ሳላነሣ አላልፍም። በዘመቻ ሙሴ ወደዚያ የገቡት ቤተ እስራኤላውያን እ.ኤ.አ. በ1985 ዋናው የረቢዎች ጽሕፈት ቤት ለጋብቻ ለመመዝገብ ውኃ ውስጥ የመግባት ሥርዓት እንዲፈጽሙ ሲጠይቃቸው፣ ኢየሩሳሌም ላይ ከጽሕፈት ቤቱ ፊት ለፊት ለሳምንታት ተቀምጠው ተቃወሙ። ዋናው ምክንያታቸው አይሁድነታችን ተጠርጥሯል የሚል ነበር። እኔ ግን አንድ ነገር እጨምራለሁ። እነዚህ ሰዎች ውኃ አልፈሩም፤ በወንዝ ታጥቦ መንጻት የኑሯቸው ሥርዓት ነበር። ሆኖም ሌላ ሰው አዝዞ ውኃ ውስጥ ሲያስገባህ አማርኛ የሚሰጠው ቅርብ ቃል መጠመቅ ነው፤ መጠመቅ ደግሞ አባቶቻቸው ለነገሥታትና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለመጡ ሚስዮናውያን እንቢ ያሉት ነገር ነው። ሃይማኖታቸውን ጠብቀው በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ለመጡ ሰዎች ያንን ቃል በራሳቸው ወገን አፍ መስማት ምን እንደሆነ መገመት አያቅትም።

እንግዲህ ማሽኑ ከዚህ ሁሉ የትኛውን ተማረ? የትርጉም ፕሮግራም የሚማረው ከተጻፈ ነገር ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ በሁለት ቋንቋ ጎን ለጎን ከተጻፈ። ለአማርኛ እንዲህ ያለው ጽሑፍ ለረጅም ጊዜ በብዛት የተገኘው ከመጽሐፍ ቅዱስና ከሌሎች የሃይማኖት ጽሑፎች፣ ከዚያም ከዜናና ከሕግ ነው። በእነዚህ ውስጥ ተጠመቀ ሲባል ዮርዳኖስ አጠገቡ አለ፤ ጋን የለም። የቤተ ክርስቲያኑ ትርጉም በብራና ሲጻፍ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል፤ የጓዳው ትርጉም ግን በሴቶች አፍ ነው የኖረው። ጌሾ ስንት ቀን እንደሚቀመጥ፣ ድፍድፉ መቼ እንደደረሰ በምን ምልክት እንደሚታወቅ እናት ለልጇ እያሳየች ነገረቻት እንጂ አልጻፈችውም። የጠበሉም ንግግር እንደዚያው ነው፤ ተሰላፊዎቹ እርስ በርስ የሚያወሩት በመጽሐፍ አልገባም።

ለዚህ ነው ችግሩ በማሽን ብቻ የተፈጠረ የማይመስለኝ። መዝገበ ቃላቶቻችን ትልቅ ሥራ ናቸው፤ የደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. የታተመው፣ የቶማስ ኬን እ.ኤ.አ. የ1990ው ባለ ሁለት ቅጽ አማርኛ እንግሊዝኛ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል በ1993 ዓ.ም. ያወጣው። እኔም ሦስቱንም አክብሬ እጠቀማለሁ። ነገር ግን አንድ መዝገበ ቃላት ፍቺዎቹን ደርድሮ ቢሰጠንም አንባቢው ከመካከላቸው እንዲመርጥ የሚያስችለው ቃሉ ከምን ጋር እንደሚሄድ ሲያሳይ ነው። «ተጠመቀ» አጠገብ ጋን፣ ጌሾ፣ ጠማቂ ካሉ አንድ ነገር ነው። ክርስትና፣ አርባ ቀን፣ ካህን ካሉ ሌላ። ጠበል፣ ሰባት ቀን፣ በባዶ ሆድ ካሉ ሦስተኛ። ላብ ካለ አራተኛ።

አንዳንዴም አንዱ ከሌላው ጋር ተጋብቶ ይገኛል። የጽዋ ማኅበርተኞች ተሰብስበው በጸሎት ከተባረከ በኋላ የሚጠጣው ጠላ «ጠበል» ይባላል፤ በበዓል ጎረቤት ሲጠራም ጠበል ጸዲቅ ቅመሱልን ይባላል። ባለቤቲቱ የጠመቀችው ጠላ ነው፣ እንግዳው የሚቀምሰው ጠበል ነው፣ ማድጋው ግን አንድ ነው። ይህን የማያውቅ ተርጓሚ በማኅበር ቀን የተባለውን «ጠበል ጠጣን» ወደ ሆስፒታል ወረቀት ካስገባው ሕክምና ላይ የነበረ ሰው ፈጥሮ ያርፋል። ስለዚህ ጠበል የሚለው ቃል መኖሩ ብቻም አይበቃም፤ ማን ቤት፣ በምን ቀን የሚለውን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሊደረግ የሚችለው ነገር ከባድ አይደለም። የአማርኛ የንግግር ስብስብ የሚያዘጋጁ ተመራማሪዎች ስቱዲዮ ውስጥ ዜና ከማስነበብ ይልቅ፣ ፈቃድ ጠይቀውና ለጊዜያቸው ከፍለው የጠላ ቤት ሴቶች ሥራቸውን ሲያስረዱ ይቅረጹ። ከአንድ ጠማቂ የግማሽ ቀን ንግግር ውስጥ የሚገኘው የግስ ብዛት ከአንድ ወር ዜና ሊበልጥ ይችላል፤ ጥንስስ፣ ድፍድፍ፣ ቅራሪ በተፈጥሯዊ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የሚገኙትም እዚያ ነው። የትርጉም መለኪያ ዓረፍተ ነገሮች ሲዘጋጁም «ጠላው ተጠመቀ»፣ «ሕፃኑ ተጠመቀ» እና «ለሰባት ቀን ተጠመቀች» የሚሉት አንድ ላይ ይግቡ። «ጠላ» ራሱ፣ መጠጡም «ጠላሁ» ከሚለው ግስ የመጣው «እሱ ጠላ»ም በአንድ ዓይነት ፊደል ስለሚጻፉ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ለማሽን ድርብ ፈተና ነው። በሦስቱም ላይ አንድ ዓይነት መልስ የሚሰጥ ፕሮግራም ለሕክምና ሥራ አልደረሰም፤ ይህን በግልጽ መናገር የሚሸጡት ድርጅቶች ኃላፊነት ነው።

የሕክምና አስተርጓሚ ለሆነ ወገኔ ደግሞ ምክሬ እንዲህ ነው። ታማሚው «ተጠመቅሁ» ሲል የጥምቀት ሥርዓት ፈጸመ ብለህ አታሳጥረው። ሐኪሙን ፈቃድ ጠይቀህ፣ ቃሉ በአማርኛ ከአንድ በላይ ነገር እንደሚል ነግረህ ታማሚውን አጣራ፦ ጠበል ነው? የት፣ ስንት ቀን? ጠጥተዋል? ጾመዋል? መድኃኒቱን በእነዚያ ቀናት ወስደዋል? ከዚያ የሰማኸውን በሙሉ ተርጉም። ታማሚው እንዳያፍር ጥያቄውን የነቀፋ አታስመስለው፤ እናታችን ወይም አባታችን እዚያ ወንበር ላይ ቢሆኑ እንደምንጠይቃቸው በአንቱታ፣ በእርጋታ። መልሱ መዝገብ ላይ ሲገባ፣ ያቋረጠውን ክኒን ዳግም ለማስጀመርም ሆነ ጠበሉንና መድኃኒቱን አብሮ ለማስኬድ ሐኪሙና ታማሚው የሚነጋገሩበት ነገር ይኖራቸዋል።